እሾህን በእሾህ፣ ቫይረስን በቫይረስ

ስለ ፍል ውሃ ቫይረስ ልጽፍ ነው ብዬ ለአንዲት ጓደኛዬ ስነግራት ማኪያቶዋን አስቀመጠችና ትኩር ብላ አይታኝ “በጤናሽ ነው?” አለችኝ። አልፈርድባትም። እኔ እኮ 11ኛ ክፍል ስገባ ሶሻል ሳይንስ መርጬ ኬሚስትሪን በደስታ የተሰናበትኩ፣ ኋላም ጋዜጠኝነት ተምሬ የተመረቅኩ ልጅ ነኝ። የላብራቶሪ ነጭ ጋወን የለበስኩት በሕይወቴ አንዴ ነው፤ እሱም ለፎቶ! ግን አንዳንድ ጉዳይ አለ፣ እናንተ ባትፈልጉት እንኳ ራሱ ቤታችሁ ድረስ የሚመጣ። ይሄኛው የኛን ቤት በር ያንኳኳው በ2012 ዓ.ም. ክረምት ነው።

ዩኒቨርሲቲ በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ ሁላችንም ወደየቤታችን የተበተንበት ጊዜ ነበር። እኔ የምኖረው ከአያቴ ጋር ነው። ቤተሰቡም ጎረቤቱም “እማማ” ነው የሚላት። እማማ ያኔ ሰማንያ ልትደፍን ጥቂት የቀራት፣ ስኳርም ደም ግፊትም ያለባት፣ ከሁሉም በላይ ጉልበቷን የሚቆረጥማት ሴት ነበረች። ሐምሌ ውስጥ አንድ ሌሊት ትኩሳት ያዘኝ። ጠዋት ተነስቼ ሳሎን ስገባ እማማ ቡና እየቆላች ነው። ጭሱ ይታየኛል፤ ሽታው ግን የለም። ወደ ምጣዱ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ምንም! ያኔ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ዱብ አለ።

የዚያኑ ዕለት ሄጄ ናሙና ሰጠሁ። ውጤቱ እስኪመጣ ግቢ ውስጥ ካለችው ሰርቪስ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እማማ ሽሮዋን እየተንተከተከች ከነድስቷ በሩ ላይ ታስቀምጥና በከዘራዋ ኳ ኳ አድርጋ ትሄዳለች። እኔ ውስጥ ሆኜ የማስበው ስለ ራሴ አልነበረም። ማታ ማታ አብረን ድራማ ስናይ ስንቴ ትከሻዋ ላይ ተኝቻለሁ? ስንቴ አጉርሻታለሁ? በሁለተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፤ “ፖዘቲቭ” አሉኝ። በዚያው ዕለት እማማ ተመረመረች፤ ነጻ ሆነች። አክስቴ መጥታ ወሰደቻት። ለሦስት ሳምንት በስልክ ብቻ ተነጋገርን። እማማ ዛሬም አለች፤ ቡናም ትቆላለች፤ እኔም ይሸተኛል፣ ተመስገን።

ያን የምርመራ ወረቀት አጣጥፌ መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። በቅርቡ ዕቃ ሳስተካክል ብድግ አለልኝ። “አርቲ ፒሲአር” ይላል። በትምህርት ቤት ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብላችሁ ጠይቁ ብለው አስተምረውናል። እኔ ግን አያቴን ከኔ የለየልኝን፣ ምናልባትም ያተረፈልኝን ነገር አንድም ቀን “ይሄ እንዴት ነው የሚሠራው? ማነው ያገኘው?” ብዬ ጠይቄው አላውቅም። አፈርኩ። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ።

* * *

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአፍንጫችን በዚያች ቀጭን እንጨት የሚወሰደው ናሙና ውስጥ ቫይረሱ ቢኖርም መጠኑ ትንሽ ነው፤ ማሽን ሊያየው አይችልም። ስለዚህ የዘር መልእክቱን ማባዛት ያስፈልጋል። ፒሲአር ማለት የማባዣ ማሽን ነው በሉት። መጀመሪያ ዲኤንኤው ወደ 95 ዲግሪ ይሞቃል፤ እንደ ዚፕ የተያያዙት ሁለቱ ክሮች ይላቀቃሉ። ከዚያ ቀዝቀዝ ሲል አንድ ኢንዛይም ይመጣና በእያንዳንዱ ክር ላይ አዲስ ጥንድ ይሠራል። አንዱ ሁለት ሆነ ማለት ነው። እንደገና ይሞቃል፣ እንደገና ይቀዘቅዛል። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት... ልክ እንደ ሰፈር ወሬ! 30 ዙር ሲደርስ ከአንዷ ቅጂ ከ1 ቢሊዮን በላይ ይገኛል።

ችግሩ ኢንዛይሙ ላይ ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ሲሞቅ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም፤ እንቁላል ቀቅላችሁ ታውቃላችሁ አይደል? አንዴ ከረጋ አይመለስም። ኬሪ ሙሊስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 የፒሲአር ሐሳብ ሲመጣለት ይጠቀምበት የነበረው ኢንዛይም አንጀት ውስጥ ከሚኖረው ኢ. ኮላይ ከተባለ ባክቴሪያ የተገኘ ነበር። በእያንዳንዱ ዙር “ይቀቀላል”፤ በእያንዳንዱ ዙር ቱቦውን ከፍቶ አዲስ መጨመር ግድ ነበር። ሰላሳ ጊዜ! የማይቀቀል እንቁላል አስፈለገ።

የማይቀቀለው እንቁላል ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት ተገኝቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ቶማስ ብሮክ የሚባል የባክቴሪያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ወደሚገኘው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ይሄዳል። ከመሬት የሚፈላ ውሃ በሚወጣበት ቦታ ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም ያለው ነገር ተዘርግቶ ያያል። በዚያን ጊዜ እንዲህ በሚያቃጥል ውሃ ውስጥ ሕይወት አለ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ አልነበረም። ብሮክ ግን ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1966 ከተማሪው ጋር ማሽሩም ስፕሪንግ ከተባለው ምንጭ ናሙና ወስደው 70 ዲግሪ ላይ የሚመቸው ባክቴሪያ አገኙ፤ በ1969 ይፋ ያደረጉትን ይህን ባክቴሪያ ቴርመስ አኳቲከስ አሉት። ተማሪው ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚማር ልጅ ነበር። ስሙ ሃድሰን ፍሪዝ ነው። “ፍሪዝ” በእንግሊዝኛ በረዶ ሆኖ መድረቅ ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በረዶ የሚባል ልጅ ከሚፈላ ውሃ ሕይወት አወጣ! እኔ ልብ ወለድ ብጽፍ ይህን ስም ብሰጠው “አበዛሽው” ትሉኝ ነበር።

ልብ በሉ፣ ብሮክ መድኃኒት ሊሠራ አልነበረም። ገንዘብም አልፈለገም። “እዚህ ውስጥ የሚኖር ነገር አለ ወይ?” ነው ያለው። በቃ። ባክቴሪያውን ለሚፈልግ ሁሉ እንዲደርስ የባክቴሪያ ናሙና ለሚያስቀምጥ ማእከል ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሌሎች ተመራማሪዎች ከባክቴሪያው ሙቀት የማይበግረውን ዲኤንኤ የሚሠራ ኢንዛይም ነጥለው አወጡ፤ ዛሬ በአጭሩ “ታክ” ይባላል። ሙሊስ ይሠራበት የነበረው ሴተስ የተባለ ኩባንያ ደግሞ ባክቴሪያውን ከማእከሉ በ35 ዶላር ገዝቶ፣ ኢንዛይሙን ፒሲአር ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ነው፤ ለሙሊስ እ.ኤ.አ. የ1993ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል፣ ለሴተስ ደግሞ የፒሲአርን መብት በ1991 ለሮሽ ኩባንያ በ300 ሚሊዮን ዶላር መሸጥ። 35 ዶላሯን አትርሷት፤ እመለስባታለሁ።

* * *

“ቫይረሱ የታለ ታዲያ?” እንዳትሉኝ፣ ደረስኩ።

ታክ የሚያውቀው ዲኤንኤን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ኮሮና ቫይረስ ግን መልእክቱን የጻፈው በአርኤንኤ ነው። ቋንቋው ሌላ ነው፤ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። “አርቲ” የምትለዋ ቃል አስተርጓሚዋ ናት፤ አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጥ ኢንዛይም። ይህ ዓይነቱ ኢንዛይም እ.ኤ.አ. በ1970 ሃዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር ለየብቻቸው ያገኙት ነው። የት ነው ያገኙት? ዕጢ የሚያመጡ ቫይረሶች ውስጥ! ላብራቶሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበትም መነሻው አይጥን በደም ካንሰር የሚያሲዝ ቫይረስ ነው። እንግዲህ የኔን ወረቀት “ፖዘቲቭ” ያሰኘው ዘዴ ከፍል ውሃ ባክቴሪያ አንድ፣ ከቫይረስ አንድ ኢንዛይም ተበድሮ የተሠራ ነው። ሰው ሲጣላ “እሾህን በእሾህ” ይላል አይደል? ሳይንሱ ቃል በቃል ያንን ነው ያደረገው። በነገራችን ላይ፣ የፋይዘርና የሞደርና ክትባቶች ውስጥ ያለውን አርኤንኤ የሚጽፈውም ቲ7 ከሚባል ባክቴሪያ አጥቂ ቫይረስ የመጣ ኢንዛይም ነው።

ግን የአይጡ ቫይረስ ኢንዛይም ሙቀት አይወድም። አርኤንኤ ደግሞ ቀዝቀዝ ሲል እንደ ተጠላለፈ ክር እርስ በርሱ ይተሳሰራል፤ ፈትቶ ለማንበብ ማሞቅ ይሻላል። ክሩን ለመፍታት ብታሞቀው አስተርጓሚው ይሞታል፤ አስተርጓሚው እንዳይሞት ብታቀዘቅዘው ክሩ ይጠላለፋል። ስለዚህ ጥያቄው እንደገና መጣ፤ የማይቀቀል አስተርጓሚ ከየት ይገኛል?

እዚያው የሎውስቶን። ፍል ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ ካለ ባክቴሪያውን የሚያጠቃ ቫይረስም ይኖራል ማለት ነው። አሉም። አንዳንዶቹ የፍል ውሃ ቫይረሶች ሎሚ ይመስላሉ፤ አንዳንዶቹ ጠርሙስ። ችግሩ እነሱን ላብራቶሪ ውስጥ ማርባት ከባድ ነው፤ ቤታቸውን የምታስተናግድ ክፍል ለመሥራት መጀመሪያ ተከራያቸውን ማወቅ ይጠይቃል። አሜሪካ ዊስኮንሲን ያለ ሉሲጀን የተባለ ኩባንያ ተመራማሪዎች ግን በሌላ በር ገቡ። ኦክቶፐስና ቤር ፓው ከተባሉ ምንጮች በመቶ የሚቆጠር ሊትር ውሃ አጣርተው ቫይረሶቹን ለዩ፤ ሳያረቧቸው፣ ማንነታቸውን እንኳ ሳያውቁ ዲኤንኤያቸውን በሙሉ በአንድ ላይ አነበቡ። ይህን እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ አደረጉ።

እንዴት እንደሆነ ለራሴ ያስረዳሁት እንዲህ ነው። ድሮ ሱቅ ቆሎ ስትገዙ በአሮጌ ደብተር ወረቀት ነበር የሚጠቀለልላችሁ። አሁን የሰፈሩን ሱቅ መጠቅለያ ወረቀት ሁሉ ሰብስባችሁ፣ ይሄ ከዚያ ይገጥማል እያላችሁ ደብተሮቹን መልሳችሁ ስትሰፉ አስቡት። የደብተሩን ባለቤት አታውቁትም፤ ግን አንዱ ገጽ ላይ ወርቅ የሆነ ነገር ተጽፎ አገኛችሁ። እነሱም ከኦክቶፐስ ምንጭ ወረቀቶች መካከል ቁጥሩ 3173 የሆነ አንድ ቁራጭ አገኙ። ከዚያ የተሠራው ኢንዛይም ሙቀት ይችላል፤ አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ ይገለብጣል፤ ዲኤንኤውንም ራሱ ያባዛል፤ ሲሳሳት ደግሞ ስህተቱን ያርማል። ታክ ይህን የመጨረሻውን አይችልም። ሁለት ሠራተኛ ይሠራው የነበረውን አንዱ ብቻውን! ይህን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳተሙ፤ ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ2014 ማሞቅ ማቀዝቀዝ በሌለበት፣ በአንድ ቋሚ ሙቀት ብቻ በሚሠራ ምርመራ ላይ ውሎ አሳዩት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውዱ ማሽን የማያስፈልገው ምርመራ ማለት ለጤና ጣቢያ የሚቀርብ ምርመራ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ኮሮና የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና ከአዲስ አበባ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይላክ እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። የኦክቶፐስ ምንጭ ሙቀት 93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቦታው ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃው የሚፈላው እዚያ ላይ ነው። አዲስ አበባም ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህም ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 አካባቢ ነው። የሰርቪሷ በር ላይ ትቀመጥልኝ የነበረችው የእማማ ሽሮና ያ ቫይረስ የተገኘበት ውሃ ሙቀታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

* * *

ለእማማ ልነግራት ወሰንኩ። ቅዳሜ ቡና ላይ፣ ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ፣ ከበረዶው ልጅ ጀምሬ እስከ 3173 ተረኩላት። እማማ ስለ ፍል ውሃ ታውቃለች። በልጅነቴ እጄን ይዛ ለጉልበቷ ብላ አዲስ አበባ ፍል ውሃ ትወስደኝ ነበር፤ ቲኬት ቆርጠን፣ ወረፋ ይዘን፣ ተራችን ሲደርስ የምታቃጥለዋን ውሃ በቀዝቃዛ እየበረዝን። ከተማዋ ራሷ እኮ በ1879 ዓ.ም. እዚህ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ያቺን ፍል ውሃ ወደው ነው። እማማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስለ 300 ሚሊዮኑ ዶላር ስነግራት ስኒዋን አስቀመጠች።

“ለባለውሃውስ ምን ሰጡት?”

“የትኛው ባለውሃ?” አልኳት።

“ውሃው ባለቤት የለውም? እኛ እንኳ ለመታጠብ ቲኬት አልቆረጥንም?”

እናንተዬ፣ አራት ዓመት ጋዜጠኝነት ተምሬ ይህን ጥያቄ አልጠየቅኩትም! ሄጄ ፈለግኩ። መልሱ፦ ከታክ የሎውስቶን ያገኘው ምንም የለም። 35 ዶላሯ እንኳ የገባችው ለማእከሉ ነው። ፓርኩ ነቅቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ዳይቨርሳ ከተባለ ኩባንያ ጋር ጥቅም የመጋራት ውል ተፈራረመ፤ ውሉም ፍርድ ቤት ድረስ አከራከረ። ይህ እንግዲህ አሜሪካ ከአሜሪካ ኩባንያ ጋር ነው።

ጎረቤታችን ኬንያም ደርሶባታል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ካሉት የሶዳ ሐይቆቿ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ናሙና ወሰዱ። ከዚያ የተገኙ ኢንዛይሞች ጄነንኮር በተባለ ኩባንያ በኩል ለልብስ ማጠቢያና ጂንስን “የነጣ” ለማስመሰል ገበያ ላይ ዋሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት “ድርሻችን የታለ?” ብሎ ተነሳ፤ ኩባንያው ጥፋት የለብኝም አለ። ያ የምትወዱት የነጣ ጂንስ ከሐይቅ ውሃ ጋር ይህን ያህል ዝምድና ሊኖረው እንደሚችል ማን ያስባል?

እኛስ? እኛ በጤፍ ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ውል ተፈረመ፤ ኩባንያው ለጤፍ ዱቄት ፓተንት አወጣበት፤ ኋላም ከሰረ። ሀገሪቱ ያገኘችው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ፓተንቱን የሄግ ፍርድ ቤት የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው። ሕግ ግን አለን። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማንም ሰው የዚህችን ሀገር የዘር ሀብት ያለ ፈቃድ እንዳይወስድ፣ ከወሰደም ጥቅሙን እንዲያጋራ ይደነግጋል። ባክቴሪያውም ቫይረሱም እዚያ ውስጥ የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የናጎያ ፕሮቶኮልንም ተቀብለናል።

ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል በሉኛ! የሚያስጨንቀኝ 3173 ነው። ያንን ቫይረስ ያየው ሰው የለም። ጠርሙስ ውስጥ የለም። ያለው ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ የፊደል ረድፍ ነው፤ እሱን ይዞ ማንም ላብራቶሪ ኢንዛይሙን በኢ. ኮላይ ሊያስመርት ይችላል። ጠርሙስ በኤርፖርት ሲያልፍ ይያዛል፤ ፊደል በኢንተርኔት ሲያልፍ ማን ይይዘዋል? የዓለም መንግሥታት ለዚህ ብለው እ.ኤ.አ. በ2024 የካሊ ፈንድ እንዲቋቋም ተስማሙ፤ በ2025 ሥራ ጀመረ። ከእንዲህ ዓይነቱ ፊደል የሚያተርፉ ኩባንያዎች ገንዘብ እንዲያስገቡበት ነው። ግን አይገደዱም።

እና እኔ የደረስኩበት ይሄ ነው። ሕግ ዘበኛ ነው። ዘበኛ ጥሩ ነው፤ ግን መጋዘኑ ውስጥ ምን እንዳለ ባለቤቱ ራሱ ካላወቀ ዘበኛው ምን እንደወጣ እንዴት ያውቃል? ሶደሬ፣ ወንዶ ገነት፣ ሻላ ዳር፣ አፋር... ምድራችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈላል። ዳሎል ውስጥ ሕይወት አለ፣ የለም እያሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በትልልቅ የሳይንስ መጽሔቶች የተከራከሩትን የምርምር ቡድኖች የመሩት አውሮፓውያን ናቸው። መምጣታቸውን አልነቅፍም፤ ጠያቂ ሰው ይመጣል። ብሮክም እንዲሁ ነው የመጣው። የሚያንገበግበኝ የኛ “በረዶ” ልጅ አለመሰማቱ ነው። አንድ የሁለተኛ ዓመት ባዮሎጂ ተማሪ “እዚህ ውስጥ ምን ይኖራል?” ሲል “ይሄ ምን ይጠቅማል?” ብለን አፉን የምናዘጋው ከሆነ፣ አዋጁ ሺህ ገጽ ቢሆን አያድነንም። የብሮክም ጥያቄ በተጠየቀበት ቀን ምንም አይጠቅምም ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ ግን ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠች አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ “አያትሽን አሁኑኑ ከዚህ አውጪ” ብሎ ነገራት።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ለእማማ አነበብኩላት። ጥቂት ዝም ብላ “ታዲያ እዚያ ውሃ ውስጥ ስንቀመጥ ያ ሁሉ ቫይረስ ከኛ ጋር ነበር?” አለችኝ። “ይኖራል፤ ግን አንቺን አይነካሽም፤ የሚያጠቃው ባክቴሪያ ነው” አልኳት። ጉልበቷን እያሸች ፈገግ አለች።

“እንግዲያው እነሱም ቲኬት ይቁረጡ።”

ባዮሎጂ የምትማሩ አንባቢዎች ካላችሁ፣ ጠርሙስና ቴርሞሜትር ያዙ። ከየትኛውም ፍል ውሃ ዳር ቦርሳ የሚሸከምና ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ከፈለጋችሁ፣ እኔ አለሁ። ፈቃዱን ግን መጀመሪያ አውጡ፣ እማማ እንዳትሰማ!

ቸር እንሰንብት።